የድንጋዩ ቤት ቴሌስኮፕና የእኔ እንቢታ

መስከረም 20፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ምድር ቤት ነኝ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ከአራቱ ማሽን የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። አንዱን የስምንተኛው ፎቅ ሰውዬ ይዞታል፣ አንዱን እኔ። ሠላሳ ደቂቃ ይቀረዋል። ወደ አሥራ አንደኛ ፎቅ ወጥቼ ብመለስ ልብሴን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይከምሩብኛል። ፓርክዴል ሰፈር ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ ይቺን አውቃለሁ። ስለዚህ አንቺን ይዤ ወርጄ ቁጭ ብያለሁ፣ ደብተሬ።

የማጥበው ሁለት አንሶላ፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ የቤት ቀሚስ። ድሮ ከልጄ ከብሩክ ቤተሰብ ልብስ ጋር ሁለት ማሽን አይበቃንም ነበር። ለግማሽ ማሽን ልብስ ግማሽ ሳሙና ነው የሚጨመረው ወይስ ሙሉ? ሦስት ዓመት ሙሉ አልወሰንኩም።

ብሩክ እሁድ ደውሎ ነበር። ከካልጋሪ፣ መኪና እየነዳ። ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና ነኝ። መድኃኒትሽን ወሰድሽ፣ ወሰድኩ። ሊያ ጥርሷ ወለቀ። ሜሮን ሰላም ብላሻለች። በቃ። አንድ ልጄ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ በዓለም ላይ ያለኝ እሱ ነው። ሥራ አግኝቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ካልጋሪ ከሄደ ሦስት ዓመት ሞላው። ሲሄድ አብረሽን ነዪ ብሎኝ ነበር። አንዴ። እኔም እንደ ወጉ፣ አይ ልጄ፣ አላስቸግራችሁም አልኩ። በቃ፣ ጓዙን ጭኖ ሄደ። ሰው እናቱን አንዴ ብቻ ይለምናል?

ማሽኑ ቆመ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ፣ ቀን 10፡15

አሁን መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። 

ሐሙስ ሐሙስ ስትሪትካር፣ የከተማው መንገድ ባቡር ላይ ወጥቼ እስከ መጨረሻው ሄጄ እመለሳለሁ። ሰው መሀል ለመቀመጥ ነው፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ዛሬ መንገድ ቀየርኩና ብሉር መንገድ ወረድኩ፣ ሚጥሚጣ ልገዛ። ዝናቡ ጣለው። ጃንጥላ አልያዝኩም። ተሻግሬ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገባሁ። ጥግ ላይ ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች፣ ጣሪያዋ ላይ ክብ ጉልላት ያላት። ቤተ ክርስቲያን መስላኝ ላማትብ ምንም አልቀረኝ። በሩ ላይ ወረቀት፦ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ክፍት ነው፣ በነፃ። ካስጠለለችኝ ምን ቸገረኝ ብዬ ገባሁ።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ። ዋልተር ይባላል። ጡረታ ወጥቶ በነፃ የሚያስጎበኝ ነው። ደስ አለው፣ ለካ እሱም ሰው አልመጣለትም ነበር። ቤቷ የከዋክብት መመልከቻ ናት አለኝ። መቶ ዓመት አልፏታል። ድሮ ሰዓት የሚስተካከለው ሰማይ እየታየ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነበር አለ።

ጠባብ ክፍል አስገባኝ። ሁለት የድንጋይ ምሰሶ፣ በመሀላቸው ቴሌስኮፕ። ቀኝና ግራ አይዞርም። ከደቡብ ወደ ሰሜን ሽቅብ ቁልቁል ብቻ ነው የሚለው። ከበላዩ ጣሪያው ቀጭን ክፍተት አለው፣ ክዳኑ በገመድ ይሳባል።

ደብተሬ፣ ቆሜ ቀረሁ። በሃያ ሁለት ዓመቴ አዲስ አበባ ካርታ መ/ቤት የተቀጠርኩት ሂሳብ ክፍል ነበር። ወንዶቹ መሣሪያውን በበቅሎ ጭነው ተራራ ይወጣሉ። ኮከቡ መስታወቱ ውስጥ ያሉትን ክሮች አንድ በአንድ ሲያልፍ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ደብተሩ ሰም ተንጠባጥቦበት፣ አቧራ ጠጥቶ፣ አንዳንዴም ሽሮ ፈስሶበት እኛ ሴቶቹ ጋ ይመጣል። እኛ በእጅ የሚዞረውን የሂሳብ መኪና ስናሽከረክር ውለን ያ ተራራ በምድር ላይ የት እንዳለ እናወጣለን። ዘጠኝ ዓመት። ጉናም ጮቄም በእጄ አልፈዋል። መሣሪያውን ግን አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁትም። ሴት መስክ አትወጣም ነበር። ክሩ የሸረሪት ድር ነው ሲሉኝ የሚያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር።

ዋልተር የክሮቹን ነገር ሲጀምርልኝ እኔ ጨረስኩለት። የሸረሪት ድር ነው አይደል፣ አምስት ናቸው ወይስ ሰባት? አምስት። ቴሌስኮፑ የሚዞርበት ዘንግ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብልስ በምን ታርሙታላችሁ? ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፀሐይ የዛሬ ሳምንት በዚህ ክፍተት ላይ የምታልፈው በቀትር ሳይሆን በፈረንጅ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው አልኩት፣ በጣቴ ቆጥሬ። ሰንጠረዡን አየ። አንድ ሰዓት ከአምስት ይላል። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ካሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ከዚያ ጠየቀኝ። ሐሙስ ሰማዩ ከጠራ ነዪ አለ። ጥቁር መስታወት አደርግበታለሁ፣ ፀሐይዋ ክሮቹን ስታልፍ አንቺው ታያለሽ፣ ሰዓቱንም አንቺው ትይዣለሽ። እንዲህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል።

እኔስ? ኖ ኖ፣ ታንክዩ፣ አላስቸግርህም። ይህ አልበቃ ብሎኝ ዓይኔ ደካማ ነው አልኩ። ዓይኔ ምን ሆነ? አምና ሞራውን ካስወጣሁ ወዲህ የስትሪትካር ቁጥር ከማዶ አነባለሁ። ይህን ብዬ ቆምኩ። እስኪለምነኝ ጠበቅሁ።

ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም አለ። ኮቴን አቀበለኝ።

ያው ሐሙስ፣ 12፡30

ሚጥሚጣውን አልገዛሁም። ለእራት ፓስታ ቀቀልኩ፣ ግማሹን ደፋሁት። የአንድ ሰው ፓስታ ስንት እንደሆነ እጄ አልለመደም። አሁን ሰውዬው እንዴት ያለ ሰው ነው? አንዴ እንኳ አይደግምም? ኧረ ግድ የለም፣ ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ሆድ ይፍጀው።

መስከረም 25፣ እሁድ፣ 11፡00

ከቤ/ክ በኋላ እትዬ በላይነሽ ቤት ዋልኩ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እሳቸውም እንደ እኔ ብቻቸውን ናቸው፣ ግን እሳቸው ያውቁበታል፣ ቤታቸው ሰው አይጠፋም። ምሳ አቀረቡ። በልቼ ነው የመጣሁት አልኩ። ከትናንት ወዲህ የበላሁት የለኝም ማለት ይቀል ነበር። በሞቴ አሉ። ኧረ ጠግቤያለሁ እትዬ፣ ይተዉኝ። ተይ ጥሩዬ፣ እኔን ቅበሪኝ አሉ። ሳህኑን ሳብኩት። ሁለቴ ጨመሩልኝ፣ ሁለቴም ታግዬ በላሁ። ሰው የሚጋበዘው እንዲህ ነው። ቀድሜ ብስገበገብ ነውር፣ እሳቸው ባይለምኑኝ ደግሞ የእሳቸው ነውር። ይህን ማንም አላስተማረንም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የዋልተርን ነገር ነገርኳቸው። ፈረንጅ ሞቱን ኢንሹራንስ ገብቶበታል፣ በምኑ ይማልልሽ አሉኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በባቡር ስመለስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልመጣም። እውነት ነው፣ በዚህ አገር በሞቴ የሚል የለም። አንዴ እንቢ ካልሽ እንቢ ነሽ።

ብሩክ በሰዓቱ ደወለ። ለእሱም ነገርኩት። ማሚ፣ ጀስት ንገሪው አለ። አይ ዎንት ቱ ሉክ፣ ማየት እፈልጋለሁ በይው፣ ምን ችግር አለው? እሱ ምን ችግር አለበት፣ የፈለገውን እየተናገረ ነው ያደገው። ተቀየምኩ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት። መልሶ ይደውላል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ምን ሥራ አለብኝ?

መስከረም 29፣ ሐሙስ፣ ቀን 10፡40

ሄድኩ። ሰማዩ ኩልል ብሏል። በዚያ ሳልፍ እግረ መንገዴን የገባሁ ለመምሰል መጀመሪያ ሚጥሚጣዬን ገዛሁ፣ ከረጢቱን አንጠልጥዬ ገባሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንደ ኮረዳ ሰበብ እፈልጋለሁ።

ዋልተር ገና ከበር ሲያየኝ ብድግ አለ። ዛሬ ሰባት ጎብኚዎች ነበሩ። ለሁሉም አስተዋወቀኝ። ይህች ሴት በአገሯ የከዋክብትን ሂሳብ ትሠራ ነበር፣ የፀሐይን ሰዓት በጣቷ ነገረችኝ አላቸው። አንገቴን ደፋሁ። ደስ ብሎኝ ነው። ከዚያ ወንበር አመጣልኝ። ብርሃኑ ዓይንሽን እንዳይጎዳው ብሎ ከጥግ፣ ጨለማው ውስጥ አስቀመጠኝ። በደግነት ነው ያደረገው። ውሸቱ የእኔ ነው።

ገመዱን ሳበው፣ ጣሪያው ተከፈተ። አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ ዓይኗን አስጠጋች፣ ሌላው ሰዓት ያዘላት። ፀሐይዋ ክር ስትነካ ናው፣ አሁን ትላለች። አምስት ጊዜ ናው። እኔ ከጥጌ ሆኜ በየናው መሀል ያለውን ጊዜ በልቤ ቆጠርኩ። ሦስተኛውን አንድ ሰከንድ ያህል አዘግይታ ጠራችው። ሳላይ አውቄዋለሁ። ሌሎቹም በየተራ ጎንበስ እያሉ መስታወቱ ውስጥ የቀረውን አዩ። ማንም ወደ ጥጉ አልዞረም። ለምን ይዙር?

ሰዉ ሲወጣ ዞር ዞር አልኩ፣ ነገር ወረወርኩ። መሣሪያው ያምራል አልኩ። ያምራል አለ። በወጣትነቴ እሱን ለማየት እንዴት እመኝ ነበር መሰለህ አልኩ። በጣም ያሳዝናል አለ፣ እውነት ፊቱ አዘነ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? መሬት ላይ ልውደቅለት? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ምንም። ማንም። ለፖስታ ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ወረድኩ፣ የፒዛ ማስታወቂያ ብቻ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ 9፡00

ታንክስጊቪንግ፣ የፈረንጆቹ የምስጋና በዓል። ኮሪደሩ በሙሉ የተርኪ ዶሮ ጥብስ ሽታ ነው። ከፊት ለፊቴ ካለው በር ሳቅ ይሰማል፣ ሕፃን ይሮጣል። ሩዝ ሠራሁ።

ብሩክ ፎቶ ልኳል። ጠረጴዛው ሞልቷል። ሊያ የወለቀ ጥርሷን እያሳየች። ከጎኗ የሜሮን እናት፣ ከዊኒፔግ መጥተው። ፎቶውን አቀረብኩት፣ አራቅሁት። የሳቸውን ሻርፕ አየሁ፣ ያማረ ሻርፕ። እሳቸውን ስንቴ ቢለምኗቸው ነው የመጡት? እኔን አንዴ።  ያማረ ፎቶ ነው ብዬ መለስኩለት፣ የልብ ምልክትም ጨመርኩ።

ወሰንኩ። ብ. ባይሰማኝም ዋልተር ይስማኝ። ሐሙስ ፊት ለፊት እናገራለሁ። ማይ አይስ አር ጉድ፣ አይ ዎንት ቱ ሉክ፤ ዓይኔ ደህና ነው፣ ማየት እፈልጋለሁ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ አሥር ጊዜ አልኩት። በሰባተኛው ላይ ድምፄ የማላውቃት ሴት ሆነብኝ። አልጠላኋትም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ 10፡00

ዝግ ነው።

በሩ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። ግድግዳው ውሃ ስለሚያስገባ ለጥገና ተዘግቷል፣ መሣሪያዎቹ ወደ ማከማቻ ሄደዋል። ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል። በመስኮት አየሁ። ምሰሶዎቹ አሉ፣ መሀላቸው ባዶ ነው።

ዋልተር ባለፈው ሳምንት ይህን ነግሮኛል። አሁን ትዝ አለኝ፣ የጥገና ነገር እያወራ ነበር። እኔ ሁለተኛ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ የሚለውን አልሰማሁም። ስልክ ቁጥሩን አልያዝኩም። እሱ ይጠይቀኝ ብዬ።

ሰማዩ ላይ የቁራጭ ደመና ያህል የለም። ፀሐይ በሳምንቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድማለች፤ በፈረንጅ አንድ ሰዓት ከሦስት እስኪሆን በሩ ላይ ቆምኩ። ፀሐይዋ በላዬ አለፈች። ሁለት ተማሪዎች እርዳታ ትፈልጊያለሽ ወይ አሉኝ። አይ፣ ታንክዩ አልኩ። አፌ አይሰለቸውም።

ሁለት ዓመት። ሰባ ይሞላኛል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ 8፡20

አልወጣሁም። ንዴቴ ዋልተር ላይ መቆየት አልቻለም፣ ሰውዬው ምን አደረገኝ? ተነሥቶ ብ. ላይ አረፈ። እሁድ ሲደውል ልነግረው ፈለግሁ፣ ቀኑን ጠቅሼ፦ በዚህ ቀን አንዴ ጠይቀኸኝ ሄድክ። ለዚህ ማስረጃ አለኝ። ታላላቆችሽ፣ የድሮ ደብተሮቼ፣ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመቱን አወጣሁ።

ግንቦት 12። አብረሽን ነዪ አለኝ፣ አላስቸግርም አልኩት። ይኸው አልኩ። ቀኑን በወረቀት ገለበጥኩ።

ከዚያ ገጹን ገለጥኩ። ግንቦት 19። ብሩክ ደግሞ ጠየቀኝ። የክፍሉን ፎቶ አሳየኝ፣ መጋረጃው ሰማያዊ ነው። የካልጋሪ ብርድ ይገድለኛል አልኩት። ሲለምነኝ ደስ አለኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ምንም አላስታውስም።

ሰኔ 3። ይህን ሰርዤዋለሁ። ግን ካርታ መ/ቤት የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም ነበር። በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያየው በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰረዛል። እጄ ያንኑ አድርጓል። ስለዚህ ይነበባል። ብሩክ መጣ። ቁጭ አላለም። ማሚ በሞቴ አለኝ። የምትፈልገኝ ለልጅህ ሞግዚት እንድሆንልህ ነው አልኩት። ሁለተኛ አልጠይቅሽም ብሎ ወጣ። ከመስኮት አየሁት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳያስነሣ ብዙ ቆየ።

በሞቴ ብሎኛል። እዚህ ያደገ ልጅ፣ አማርኛው የተሰባበረ ልጅ፣ በሞቴ ብሎኝ ነበር።

ሂሳብ ክፍል አንድ የመሣሪያ ንባብ ብቻውን ንባብ አይባልም ነበር። ሦስቱን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትሠሪው። እኔ ሁለቱን ጥዬ፣ በአንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን ስከስስ ኖርኩ። ላቆመው ያልቻልኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። የገለበጥኩትን ወረቀት ቀደድኩት።

ጥቅምት 9፣ እሁድ፣ 9፡30

እሱ እስኪደውል አልጠበቅሁም። ለልጄ እኔ ደውዬ አላውቅም፣ ሥራ ይይዘዋል ብዬ። አንስቶ ደነገጠ። ማሚ ምን ሆንሽ፣ ሆስፒታል ነሽ?

አይደለሁም አልኩ። ሰኔ 3ን አነበብኩለት፣ የተሰረዘውን፣ ሞግዚት ያልኩትን ጭምር። ይቅር በለኝ አልኩት።  የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ። ከእናንተ ጋር መኖር እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን ሰለቸኝ አልኩት።  ማሚ፣ ይሄ የስ ነው ወይስ ኖ ነው አለኝ። መጠየቁ ትክክል ነው። የስ ነው አልኩ።

ችግር አለ። ያ ሰማያዊ መጋረጃ ያለው ክፍል አሁን የሊያ ሆኗል። ሜሮንን ላናግራት ብሎ ዘጋ።

ሃያ አምስት ደቂቃ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ፊት ለፊቱ። መልሼ ልደውል አሰብኩ፣ ተዉት፣ ቀልዴን ነው፣ እኔ እዚሁ ተመችቶኛል ልል። ዓረፍተ ነገሩ ተሠርቶ አልቆ ነበር። ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ሜሮን ናት የደወለችው። ብሩክ መናገር አልቻለም አለችኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከገና በዓል በፊት ይምጡልን እማማ፣ ቦታ እንፈጥራለን አለች። እሺ አልኩ። እንቢ እንድላት የጠበቀች ይመስለኛል። ከዚያ ሊያን ስልኩ ላይ አመጣቻት።

ሊያ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው። እውነት የእኔ ክፍል ነው የምትተኚው አለችኝ።

አይ የኔ እናት፣ ክፍልሽን አልወስድብሽም፣ ለእኔ ሶፋው ይበቃኛል፦ ይህ ሁሉ ጥርሴ ጀርባ ተሰልፎ ነበር። ዋጥኩት። ግማሹን እወስዳለሁ አልኳት።

አሰበችበት። እሺ፣ ግን የመስኮቱ በኩል የእኔ ነው አለች። እሱን እዚያ ስደርስ እናያለን።